ሕጉ የማን ነው?

ዛሬ ስለ አንድ የቁጣ ዓይነት እናወራለን። ሁላችሁም የምታውቁት ቁጣ ነው።

እስቲ ወፍጮ ቤት ደጃፍ እንቁም። እህላችሁን ተሸክማችሁ በማለዳ መጥታችኋል። ወረፋ ይዛችኋል። ፀሐይዋ ከረረች። ያን ጊዜ አንዱ ይመጣና ከባለ ወፍጮው ጋር ተጠቃቅሶ፣ ቀጥ ብሎ ገብቶ ያስፈጫል። የወሰደባችሁ ጊዜ ቢበዛ ሩብ ሰዓት ነው። ታዲያ ለምን ያን ያህል ያበሽቃል? ነገሩ የሩብ ሰዓቱ አይደለም። ከጠዋት ጀምሮ ቆማችሁ ያከበራችሁትን ወረፋ የሞኝ ሥራ ስላስመሰለባችሁ ነው።

ልጇ የታመመባት እናት ብትመጣ ግን «እለፊ፣ እለፊ» ትሏታላችሁ። አምቡላንስ ቀይ መብራት ጥሶ ሲያልፍም ማንም አይቆጣም። ምክንያቱ ለሁሉም ይታያላ!

ይህ የወረፋ ነገር አገር ሲያክል ምን ይመስላል? በእንግሊዝ አገር የሆነውን እንመልከት።

የኮሮና በሽታ በገባ ጊዜ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በማርች 2020፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቦሪስ ጆንሰን ሕዝቡ ከቤት እንዳይወጣ አዘዙ። ትእዛዙ ሕግ ሆነ። የጣሰ መቀጮ ይከፍላል። ብዙ ሰው ሆስፒታል የተኛ አባቱን ሳያይ በስልክ ተሰናበተ። በቀብር ላይ የሚቆሙት ጥቂት ዘመዶች ብቻ ሆኑ። ይህን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልግም። በእኛም አገር በ2012 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ለቅሶ ሳይደርስ የቀረ ሰው ስንት ነው! ለቅሶ አለመድረስ እንዴት እንደሚከብድ እናንተው ታውቁታላችሁ።

በ2021 መጨረሻ ላይ ጋዜጦች አንድ ጉድ አወጡ። ለካ በዚያው በእገዳው ወራት፣ ሕጉን ባወጡት ሰዎች ቤት፣ ዳውኒንግ ስትሪት በሚባለው የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት፣ ግብዣ ይደረግ ኖሯል። በሜይ 2020 ለመቶ ያህል ሠራተኞች የየራሳችሁን መጠጥ ይዛችሁ ወደ አትክልቱ ቦታ ኑ የሚል ጥሪ ተልኮ ነበር። በዚያን ሰሞን ሌላው ሰው ከቤቱ ውጭ መገናኘት የሚፈቀድለት ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ነበር።

በኤፕሪል 2021 የንግሥት ኤልሳቤጥ ባለቤት ልዑል ፊሊፕ ሞቱ። በቀብሩ ቀን ንግሥቲቱ ጥቁር ለብሰው፣ አፋቸውን ሸፍነው፣ ለብቻቸው ተቀመጡ። ሕጉ ነዋ! በዋዜማው ምሽት በዳውኒንግ ስትሪት ሁለት የሠራተኛ መሸኛ ግብዣ ተደርጎ ነበር። ጆንሰን በዚያ ምሽት አልነበሩም። ጽሕፈት ቤታቸው ግን በጃንዋሪ 2022 ቤተ መንግሥቱን ይቅርታ ጠየቀ።

የለንደን ፖሊስ መርምሮ 126 መቀጮ ጻፈ። የተቀጡት 83 ሰዎች ናቸው። ጆንሰንም በ2022 50 ፓውንድ ከፈሉ። በሥልጣን ላይ ሳሉ ሕግ ጥሰው የተቀጡ የመጀመሪያው የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ።

እንግዲህ ሕጉ ደረሰባቸው ማለት ነው። ቁጣው ግን አልበረደም። በጣም የተቆጣው ማን መሰላችሁ? ሕጉን ጠብቆ እናቱን ሳይቀብር የቀረው ሰው ነው። 50 ፓውንድ ለእሱ ምን ያደርግለታል? ደግሞስ ጆንሰን ቀደም ሲል በምክር ቤት ቆመው ደንቡ ሁሉ ተጠብቋል ብለው ነበር። የምክር ቤቱ ኮሚቴ በጁን 2023 ሆን ብለው ምክር ቤቱን አሳስተዋል ሲል ወሰነ። ያን ጊዜ ሌላም ምክንያት ተጨምሮበት ሥልጣናቸውን ከለቀቁ ቆይተዋል።

ቁጣው በአንድ ሰው ላይ ብቻም አይቀርም። ገና በ2020፣ ዶሚኒክ ከሚንግስ የተባሉት የጆንሰን አማካሪ በእገዳው ጊዜ ከለንደን 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው መሄዳቸው ታወቀ። አልተቀጡም፤ ከሥራቸውም አልተነሡም። የለንደን ተመራማሪዎች እንደ መዘገቡት፣ እንግሊዞች በመንግሥታቸው ላይ ያላቸው እምነት በጥቂት ቀን ውስጥ ወረደ። የራሳቸው መስተዳድር ባላቸው በስኮትላንድና በዌልስ ግን እንዲህ ያለ መውረድ አልታየም።

በሉ እንግዲህ፣ ደብተራችሁን አውጡ። «ወረፋ»፣ «እገዳ»፣ «መቀጮ» የሚሉትን ቃላት ጻፉ። ከዚያም ወረፋ የተጣሰባችሁ አንድ ቀን አስታውሱና ያን ጊዜ ምን እንዳላችሁ በሁለት መስመር ጻፉ። ዝም ብላችሁ እንደሆነም ዝም አልሁ ብላችሁ ጻፉ። ደኅና ሰንብቱ።