ዝናቡ ሳይታወቅ መዝራት

የወሎ ቆላ ገበሬ ሚያዝያ ላይ ዘግይቶ የሚደርሰውን ማሽላ ይዘራል፤ ከሁሉም የተሻለ ምርት የሚሰጠው እሱ ነውና። ዝናቡ ከተቋረጠበት አርሶ ቶሎ በሚደርስ ማሽላ ይተካዋል። እሱም ካልያዘ ሐምሌ ላይ ጤፍ፣ ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ መሬቱ ባቆረው እርጥበት ሽምብራ ይዘራል። በትግራይ ስንዴና ገብስ ደባልቀው ሐንፈጽ የሚዘሩትም፣ አንዱ ቢከዳ ሌላው ይተርፋል ብለው ነው።

ስለ እንዲህ ያለ ውሳኔ ብዙ ተጽፏል። ኢኮኖሚስቱ ፍራንክ ናይት እ.ኤ.አ. በ1921 ባሳተመው መጽሐፍ ዕድሉ በቁጥር የሚሰላውን አደጋ፣ ጨርሶ ሊሰላ ከማይችለው ለየ። ኸርበርት ሳይመን ሰው ምርጡን ሲፈልግ አይከርምም፣ የሚበቃውን ሲያገኝ ይወስናል አለ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 እንዳሳዩት ደግሞ፣ መቶ ብር ማጣት መቶ ብር ከማግኘት ይበልጥ ይከብዳል።

ለእኛ አገር ከሁሉም የሚቀርበው ግን ስቴፋን ደርኮንና ሉክ ክርስቲያንሰን በኢትዮጵያ ገጠር መረጃ ላይ ተመሥርተው እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙት ጥናት ይመስለኛል። ጥናቱ እንዳሳየው፣ ምርቱ ቢበላሽ የሚበላው የሚያጣ ቤተሰብ ማዳበሪያ የሚጠቀመው በጥቂቱ ነው። አዝመራው ቢጠፋም ለማዳበሪያው የወጣው ገንዘብ አይመለስም። ይህን ገበሬ «አዲስ ነገር አይቀበልም» ብሎ መውቀስ ትልቅ በደል ነው፤ እሱ ልጆቹን ከረሃብ እየጠበቀ ነው።

መፍትሔ ፍለጋው እ.ኤ.አ. በ2009 ትግራይ ውስጥ አዲ ሐ ላይ በ200 አባወራዎች የዝናብ መድን አስጀመረ። ድሃው ዓረቦኑን በጉልበቱ ይከፍል ነበር፤ ካሳ የሚከፈለው የተለካው ዝናብ ከተወሰነው መጠን ሲያንስ ነው። ማሳ ድረስ ሄዶ ጉዳት የሚገምት ሰው ስለማያስፈልግ ወጪው ይቀንሳል። ነገር ግን ልኬቱ «ዘንቧል» እያለ የአንዱ ማሳ ደርቆ ሊቀር ይችላል፤ ያ ሰው ዓረቦኑንም አዝመራውንም ያጣል።

የሜትዎሮሎጂ ትንበያም የወቅቱን ዝናብ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛና ከመደበኛ በታች ብሎ ከነዕድሉ ይናገራል። ገበሬው የሚጠይቀው መቼ እንደሚጀምርና መሐል ላይ ስንት ቀን እንደሚያቋርጥ ነው። ያም ቢታወቅ፣ ሐምሌ ላይ ማሽላው ሲደርቅበት የሚተካበት ዘር በዚያው ሳምንት ከደጁ ገበያ ካላገኘ፣ በሬውን ጠምዶ የሚዘራው የለውም።