በሕሙማን የመረጃ ቋት ውስጥ ባዶ የቀሩ ቦታዎችን በኮምፒውተር ትእዛዝ ስለ መፈተሽ

የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና የጀመሩ 200 ሕሙማን በመረጃ ቋት ተመዝግበዋል እንበል። የ160ዎቹ የሕክምና ውጤት ተሞልቷል፤ ከእነዚህም 144ቱ ሕክምናቸውን በስኬት ፈጽመዋል። ኮምፒውተሩ ባዶዎቹን 40 ረድፎች ዘሎ ካሰላ ስኬቱ 90 በመቶ ይሆናል፤ ሁሉም ሲቆጠሩ ግን 72 በመቶ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ፍቺ ውጤት ያልተሰጣቸውን ሕሙማን «ያልተገመገመ» በሚል ራሱን በቻለ ምድብ ያስቀመጠ በመሆኑ ከቆጠራው ሊወጡ አይገባም።

ለዓይን ባዶ የሚመስል ቦታ ለኮምፒውተሩ አንድ ዓይነት አይደለም። «ነል» የሚባለው ምንም ነገር እንዳልገባ የሚያመለክት ነው። ፊደል አልባ ጽሑፍ ሌላ ነው፤ መዝጋቢው የክፍተት ቁልፉን ብቻ ተጭኖ ያለፈበትም እንዲሁ ሌላ ነው። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ከሁሉ የሚከፋው ባዶውን በ0 ወይም በ999 መሙላት ነው፤ 999 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሕመምተኛ አማካዩን ማዛባቱ አይቀርም።

በኤስኪውኤል ቋንቋ «ውጤት እኩል ይሆናል ነል» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አንድም ረድፍ አያገኝም፤ የስሕተት መልእክትም አይደርሰውም። የማይታወቅ ነገር ከሌላ ከማይታወቅ ነገር ጋር እኩል ነው ማለት ስለማይቻል፣ መልሱ እውነትም ሐሰትም ሳይሆን «አይታወቅም» ይሆናል። ትክክለኛው አጠያየቅ «ኢዝ ነል» የሚለው ነው። ከዚህ ጋር በ«ትሪም» ትእዛዝ ከዳርና ከዳር ያሉትን ክፍተቶች አስወግዶ፣ የቀረው ፊደል አልባ መሆኑን በ«ወይም» አያይዞ መጠየቅ ያስፈልጋል። «ካውንት» የተባለው ትእዛዝ በኮከብ ምልክት ሲጻፍ ረድፎቹን ሁሉ ይቆጥራል፤ በዓምዱ ስም ሲጻፍ ግን ነል የሆኑትን ይተዋል። የ90 በመቶው ስሕተት የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከዚህ ነው።

ባዶ ሁሉ ጉድለት አለመሆኑም መታወቅ አለበት። የወንድ ሕመምተኛ የእርግዝና ዓምድ ባዶ ሊሆን ይገባዋል፤ ባለፈው ወር ሕክምና የጀመረም ገና ውጤት የለውም። ስለዚህ በትእዛዙ ላይ ጾታንና ሕክምናው የተጀመረበትን ቀን መጨመር ይገባል፤ ለምሳሌ ከጀመሩ ዓመት የሞላቸውን ብቻ መለየት ይቻላል።

የፍተሻው ውጤት የመዝገብ ቁጥርና ቀን ብቻ የያዘ ዝርዝር ቢሆን ይመረጣል፤ ስም አያስፈልገውም። ዝርዝሩን የያዘው ባለሙያ ወደ ወረቀት መዝገቡና ወደ ሕመምተኛው ካርድ ይመለሳል። በግምት መሙላት ፈጽሞ አይፈቀድም፤ ሕክምናቸውን ያቋረጡና በቤታቸው ያረፉ ሕሙማን ከእነዚሁ ባዶ ረድፎች መካከል ሊገኙ ይችላሉና። ተፈልጎ ያልተገኘው «ያልተገመገመ» ተብሎ፣ ፍተሻው ከተደረገበት ቀን ጋር ይመዘገባል።