ትጥቁ የሚወስነው ፍልሚያ፦ የጥንቱ የአውሮፓ የሰይፍ ጥበብ ዛሬ

ጣሊያናዊው የሰይፍ መምህር ፊዮሬ ዴይ ሊቤሪ በ1410 አካባቢ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባዘጋጀው መጽሐፍ መግቢያ ላይ ስለ ራሱ ጥቂት ያወሳል። ጥበቡን አላካፍልም ካላቸው ሌሎች መምህራን ጋር አምስት ጊዜ በተሳለ ሰይፍ ተጋጥሟል፤ ለብሶ የነበረውም በጨርቅ የተደራረበ ሰደርያና ስስ የቆዳ ጓንት ብቻ ነው። ከእንዲህ ዓይነቱ አንድ ግጥሚያ ሙሉ ጥሩር ለብሶ ሦስት ጊዜ መፋለም እንደሚሻለውም ይናገራል። ጥሩር የለበሰ ሰው ደጋግሞ ተመትቶም ሊያሸንፍ ይችላል፤ ጥሩር የሌለው ግን አንዲት ምት መመከት ካቃተው አለቀለት። የዛሬው የሰይፍ ተለማማጅ ሊያስብበት የሚገባው ዋና ጉዳይ በዚህች ንጽጽር ውስጥ አለ። መከላከያ ትጥቅ ገላን ከማዳን አልፎ ፍልሚያውን ይለውጣል፤ ምን መፈራት እንዳለበት፣ ምን ቸል ሊባል እንደሚችል የሚወስነው እሱ ነውና። ጭንብል፣ ጓንትና ሰይፍ የሚገዛ ሰው ሳያውቀው የሚማረውን የፍልሚያ ዓይነትም አብሮ ይገዛል። ጀማሪዎች የትጥቅን ነገር የኪስና የደኅንነት ጉዳይ ብቻ አድርገው ያዩታል፤ እኔ ግን ከዚህ በተጨማሪ የንባብ ጉዳይ ነው እላለሁ።

የንባብ ጉዳይ የሚሆነው የትምህርቱ ምንጭ መጽሐፍ ስለሆነ ነው። የጥንቱን የአውሮፓ የፍልሚያ ጥበብ ከመጻሕፍት መልሶ የሚያለማምደው፣ በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ ሄማ የሚባለውና ከ1990ዎቹ ጀምሮ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የተስፋፋው እንቅስቃሴ፣ በተለይ ለመካከለኛው ዘመን መሣሪያዎች፣ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ሲወርድ የኖረ ትምህርት አላገኘም። ከታወቁት የእጅ ጽሑፎች በዕድሜ የሚቀድመው በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ በጀርመን አገር የተዘጋጀውና ዛሬ በእንግሊዝ ሊድስ ከተማ በሮያል አርመሪስ ሙዚየም የሚገኘው አይ 33 የተሰኘ ብራና ነው። አንድ ቄስ ደቀ መዝሙሩን በሰይፍና በትንሽ ክብ ጋሻ ሲያሠለጥን ያሳያል፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ ዋልፑርጊስ የተባለች ሴት ሰይፍና ጋሻ ይዛ ከቄሱ ጋር ትቆማለች። በዚያው ክፍለ ዘመን እንደኖረ የሚታመነው ዮሐንስ ሊችተናወር ትምህርቱን በግጥም ቋጠረው። ግጥሙ ለውጭ ሰው እንዳይገለጥ ሆን ተብሎ የተሰወረ ስለነበር በ15ኛው ክፍለ ዘመን እነ ሲግመንድ ሪንጌክ ስንኝ በስንኝ እየተከተሉ ፈቱት። ከዚያ በኋላ የሃንስ ታልሆፈር ሥዕላዊ መጻሕፍት፣ በ1536 የቦሎኛው አኪሌ ማሮዞ፣ በ1570 የሽትራስቡርጉ ዮአኪም ማየር፣ በ1610 ራፒየር የሚባለው ረጅምና ቀጭን የመውጊያ ሰይፍ መምህር ሪዶልፎ ካፖ ፌሮ ይመጣሉ። የአውግስቡርግ ከተማ ሹም የነበረው ጳውሎስ ሄክቶር ማይርም የቆዩትን የፍልሚያ መጻሕፍት እያሰሰ ሰብስቧል፤ ግዙፍ ቅጾችንም አስጽፏል። የከተማዋን ካዝና ሲያጎድል ተደርሶበት በ1579 ተሰቀለ። የአብነት ትምህርት ቤትን ሥርዓት የሚያውቅ አንባቢ የእነዚህን መጻሕፍት ችግር ቶሎ ይረዳዋል፤ ንባቡ ተርፎ አንድምታውን በቃል የሚያወርደው መምህር የጠፋ ያህል ነው። መጽሐፉ አንድ ምት ይነግርሃል፤ የእግሩን ርቀት፣ የእጁን ፍጥነት፣ የጉልበቱን ልክ አይነግርህም። የጎደለውን የሚሞላው የተለማማጁ ገላ ነው፤ ገላውም የሚመልሰው በያዘው ብረትና በለበሰው ትጥቅ በኩል ነው።

የሰይፍ ፍልሚያ በአውሮፓ መቼ ተቋርጦ ያውቃል ብሎ የሚከራከር ሰው አይጠፋም። ኦሎምፒክ ላይ የምናየው የሻሞላ ስፖርት የዚያው ዘር አይደለም ወይ? በከፊል ነው፤ ለዚህም ከእኛው ታሪክ ጋር የተቆራኘ ምስክር አለ። ከዓድዋ ድል በኋላ የፈረንሳዩ ልዑል ሄንሪ ዶርሌአን በኢትዮጵያ ስለተማረኩት የጣሊያን ወታደሮች ፊጋሮ ጋዜጣ ላይ ክብር የሚነካ ጽሑፍ በማውጣቱ፣ የጣሊያን ንጉሣዊ ቤተሰብ አባል የሆነው የቶሪኖው ካውንት ቪቶሪዮ ኤማኑኤሌ ፍልሚያ ጠየቀው። በኦገስት 1897 ፓሪስ አጠገብ ቮክሬሶን ላይ ኤፔ በሚባለው የመውጊያ ሰይፍ ተጋጠሙ፤ ከ26 ደቂቃ በኋላ ሄንሪ ሆዱ ላይ ቆስሎ አበቃ። እንግዲህ የሚወጋው ቀጭን ሰይፍና የፈረሰኛው ጎራዴ እስከዚያ ዘመን ድረስ መምህር ነበራቸው። በሁለት እጅ የሚያዘው ረጅም ሰይፍና የሰይፍና ክብ ጋሻው ጥበብ ግን ከዚያ በብዙ ቀድመው ከማሠልጠኛ አዳራሽ ወጥተዋል። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሊቃውንትም አላዘኑላቸውም። በ1885 የአውሮፓን የሰይፍ ትምህርት ታሪክ የጻፈው ኤገርተን ካስል የመካከለኛውን ዘመን ፍልሚያ ብልሃት የጎደለው የጉልበት ሥራ አድርጎ ነው ያቀረበው። ከዚህ ንቀት የተወለደው የከባድ ሰይፍ ተረት ዛሬም ከፊልሞች አልወጣም። ሙዚየሞች የሚሰጡት የሚዛን መረጃና እንግሊዛዊው ኢዋርት ኦክሾት ሰይፎቹን በቅርጻቸው መድቦ ያጠናው ሥራ ሌላ ነገር ያሳያሉ፤ የአንድ እጁ ሰይፍ አንድ ኪሎ ከምናምን ነው፣ የሁለት እጁ ረጅም ሰይፍም ባብዛኛው ከ1.2 እስከ 1.8 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ ለግድግዳ ጌጥ የሚሸጠውን፣ ከማይዝግ ብረት የተሠራ ከባድ ሰይፍ ገዝቶ የሚለማመድ ሰው ሁለት ጥፋት ያጠፋል። አንደኛ፣ እጀታው ውስጥ የሚገባው የብረቱ ጭራ ቀጭን ስለሚሆን ሲወዛወዝ ተሰብሮ ሊፈናጠር ይችላል። ሁለተኛ፣ በዚያ ክብደት የሚሞከር ማንኛውም የመጽሐፍ ንባብ የካስልን ስሕተት መልሶ ያጸድቃል።

ለረጅሙ ሰይፍ ልምምድ ዛሬ በብዛት የሚመረጠው ፌደር የሚባለው ነው። ስለቱ ዱልዱም፣ ጫፉ የተጠቀለለ ወይም የተድፈጠፈጠ ሲሆን ከእጀታው መስቀል ቀጥሎ ወደ ግራና ቀኝ የሰፋ ብረት አለው። የዘመናችን ፈጠራ አይደለም፤ በማየር መጽሐፍ ሥዕሎች ላይ ይታያል፣ ከዚያ ዘመን የተረፉም በሙዚየሞች አሉ። ርዝመቱ 130 ሴንቲ ሜትር አካባቢ፣ ክብደቱ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። ታጥፎ መመለስ ስላለበት የሚሠራው የመኪና ባሌስትራ ከሚሠራበት ዓይነት ብረት ነው። የገዢን ምርጫ የሚያከብደውም ይኸው መታጠፍ ነው። በቀላሉ የሚታጠፍ ሰይፍ ሲወጉበት የተወጊውን ደረት ያተርፋል፤ ሁለት ሰይፎች ተገናኝተው በሚገፋፉበት ቅጽበት ግን ይንቀጠቀጣል፣ ይሸሻል። የሊችተናወር ወገን ትምህርት ደግሞ ትልቁን ትኩረት የሚሰጠው ለዚያች ቅጽበት ነው፤ ተጋጣሚህ ጠንክሮ ወይስ ላልቶ እንደያዘ በብረቱ በኩል አዳምጠህ የሚቀጥለውን ትመርጣለህ። ብረቱ ራሱ ከላላ የምትሰማው የባላንጣህን እጅ ሳይሆን የአንጥረኛውን ሥራ ነው። ርካሹ የናይለን ሰይፍም በሌላ መንገድ እዚያው ያደርሳል፤ ቀላልና ተንሸራታች ስለሆነ ሲመከት ይነጥራል። የእንጨት ሰይፍ በተቃራኒው ፈጽሞ አይታጠፍም፤ ለብቻ ልምምድና ለዝግታ ጥሩ ነው፣ በፍጥነት ለሚደረግ ግጥሚያ ግን አደገኛ ነው። አደጋው የምናብ አይደለም። በ1982 ሮም ላይ በተደረገው የሻሞላ የዓለም ሻምፒዮና የሶቪየት ኅብረቱ የኦሎምፒክ ባለ ወርቅ ቭላዲሚር ስሚርኖቭ፣ የተጋጣሚው ፎይል (ቀላሉ የመውጊያ ሰይፍ) ተሰብሮ ጭንብሉን በመብሳቱ ሕይወቱን አጥቷል። የስፖርቱ የጭንብል፣ የልብስና የብረት ደረጃዎች የጠበቁት ከዚያ ወዲህ ነው።

እነዚያ ደረጃዎች ግን ለሌላ መሣሪያ የወጡ መሆናቸውን ብዙ ገዢ አያስተውልም። በዓለም አቀፉ ደንብ የስፖርቱ ሰይፎች የሆኑት ፎይልና ሳብር ከ500 ግራም፣ ኤፔ ከ770 ግራም መብለጥ የለባቸውም። ልብሱ ላይ የሚነበበው 350 ወይም 800 ኒውተን፣ የጭንብሉ አንገት ጨርቅ ላይ የሚነበበው 1600 ኒውተን ጨርቁ ሳይበሳ የሚቋቋመውን ኃይል ነው የሚናገረው። በሁለት እጅ የተሰነዘረ የኪሎ ተኩል ብረት ራስ ቅል ላይ ሲያርፍ ስለሚሆነው ቁጥሩ ምንም አይልም። የወንፊቱ ጭንብል ፊትን ያድናል፤ ጆሮ ግንድንና ማጅራትን ግን ባዶ ይተዋል፣ ምክንያቱም በኦሎምፒኩ ስፖርት ለተጋጣሚ ጀርባ መስጠት ክልክል ነው። በረጅሙ ሰይፍ ግን ዞሮ የሚመታ ምት አለ፤ ዞር የሚል ተጋጣሚም አለ። ለዚህ ነው በጭንብሉ ላይ የሚደረብ፣ ማጅራትን የሚሸፍን መከላከያ የሚያስፈልገው። ጉሮሮም እንዲሁ ነው፤ ጨርቁ ብቻውን ወደ ላይ የሚንሸራተትን ጫፍ ስለማያቆም ከሥሩ ጠንካራ የጉሮሮ መከታ ይታሰራል። ክርን፣ ጉልበት፣ ክንድና ደረት ብዙ ክርክር የለባቸውም። ክርክሩ ያለው ጣት ላይ ነው። በረጅሙ ሰይፍ ግጥሚያ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ጣት ስለሆነ ተለማማጆች መጀመሪያ ከሌላ ስፖርት ጓንት ተውሰው ነበር፤ አሁን ለዚሁ ተብሎ የተሠራ፣ በጠንካራ ፕላስቲክ የተሸፈነ ወፍራም ጓንት በገበያ ላይ አለ። ጣትን ያድናል፤ ነገር ግን ያስከፍላል። ዝቨርክሃው የሚባለው አግድም ምት አውራ ጣትን የሰይፉ ጠፍጣፋ ጎን ላይ አሳርፎ የሚሰነዘር ነው፤ በወፍራም ጓንት ያ አያያዝ ጭራሽ ይጠፋል፣ ወይም ሌላ ምት ይሆናል። ከዚህም በላይ፣ እጅ ለባላንጣ ከሁሉ የቀረበ ዒላማ ነው፤ ለእጁ መፍራት ያቆመ ሰው እጁን አስቀድሞ ይገባል። ፊዮሬ ስለ ጥሩር የተናገረው እዚህ በፕላስቲክ ተደገመ ማለት ነው።

ታዲያ ትጥቁን አውልቀን እንደ ጥንቶቹ ብንለማመድስ? ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ የማየር ሥዕሎች ላይ ጭንብል ያደረገ ሰው የለም፣ የወንፊት ጭንብል እንኳ የመጣው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ነገር ግን የጥንቶቹ አዳራሽ መከላከያ አልነበረውም ማለት አይደለም፤ መከላከያው ደንቡ ነበር። በማየር ዘመን ጀርመኖች በወዳጅነት ግጥሚያ በረጅሙ ሰይፍ መውጋትን ትተው ነበር፤ አሸናፊውም ራስ ላይ ደም ባወጣ ምት ይለይ ነበር። እኛ በጨርቅና በፕላስቲክ የምናደርገውን እነሱ በክልከላ አደረጉት፤ በክልከላው ያተረፉት ፊትን ሲሆን የከፈሉት ደግሞ የመውጋትን ጥበብ ነው። ይህን የማያይ ሰው ነው ያለ ጭንብል መለማመድን ወደ እውነት መመለስ የሚለው። የተሳለ ሰይፍ ብቻ ነው እውነቱን የሚናገረው የሚሉም አሉ፤ ከፊል እውነት አላቸው። የተሳሉ ስለቶች ሲገናኙ ይነካከሳሉ፣ ዱልዱሞቹ ግን ይንሸራተታሉ፤ እርጥብ የተጠቀለለ ምንጣፍ ሲቆረጥም እጅ ስለቱን አጥርቶ መምራቱ ወዲያው ይታወቃል። ይሁን እንጂ ምንጣፍ አይመክትም፣ በተሳለ ሰይፍ የሚደረግ የሁለት ሰው ልምምድም በጥንቃቄና በዝግታ የታሰረ ነው። እያንዳንዱ መሣሪያ አንድን ነገር ለመግለጥ ሌላውን ይሸፍናል፤ ሙሉውን የሚያሳይ የለም።

ሌላው ወገን ደግሞ ውድድርን ዳኛ ያደርጋል፤ ሙሉ ትጥቅ ለብሶ፣ እንደ ስዊድኑ የጎተንበርግ ስዎርድፊሽ ባሉ ውድድሮች በሙሉ ፍጥነት የሠራ ነገር እውነት ነው፣ ያልሠራው ውሸት። ይህን አቋም የማከብረው ወረቀት ላይ ብቻ የሚያምር ንባብን ስለሚያጋልጥ ነው። ችግሩ ዳኛው ራሱ ትጥቅ የለበሰ መሆኑ ነው። በውድድር ደጋግሞ የሚታየው ነውር ሁለቱም በአንድ ጊዜ መመታታቸው ነው፤ በተሳለ ሰይፍ ሁለት ሬሳ የሚያስቀር ነገር በጭንብል ውስጥ አንድ ነጥብ ለአንድ ነጥብ ሆኖ ያልፋል። አዘጋጆች ይህን ስለተረዱ ከተመታ በኋላ ወዲያው መልሶ የመታን ሰው የሚሸልም፣ ወይም አብሮ መመታትን ለሁለቱም የሚቀጣ ደንብ አውጥተዋል። ጓንቱና ጭንብሉ ያጠፉትን ፍርሃት ደንቡ በነጥብ ሊመልሰው ይሞክራል። በእኔ ግምት ትክክለኛው መንገድ ይኸው ነው፤ ትጥቁን ማሳነስ ሳይሆን ትጥቁ የሰወረውን ማወቅና በደንብ፣ በዝግታ ልምምድ፣ ቀለል ባለ ጓንት በሚደረግ የተስማሙበት ጨዋታ ማካካስ።

ከዚህ የሚወጣው የግዢ ቅደም ተከተል ጀማሪ ከሚቸኩልበት ጋር ይጋጫል። ሰው መጀመሪያ የሚገዛው ሰይፍ ነው፤ መጨረሻ መገዛት የነበረበት ግን እሱ ነው። ማኅበር ያገኘ ሰው ለመጀመሪያዎቹ ወራት ሰይፍ ይዋሳል፤ ብዙ ማኅበራት ለአዲስ ሰው የሚያውሱት አላቸው። መዋስ የማይመከረው ጭንብል ነው፤ ልኩ የሰው ነው፣ ያረጀ ወንፊትም ዝገቱና መሳሳቱ በዓይን ቶሎ አይለይም። ቀጥሎ የጉሮሮ መከታ፣ ከዚያ ጃኬት። ጓንት የሚገዛው የሚለማመዱበት ምንጭ መጽሐፍ ከተመረጠ በኋላ ነው። የማየርንም ሆነ የፊዮሬን ረጅም ሰይፍ በፍጥነት ሊጋጠም የሚያስብ ሰው ወፍራሙን ይግዛ፤ ካፖ ፌሮን የመረጠ ግን እጁን የሚሸፍንለት የራፒየሩ እጀታ ስላለ ቀላል የተደረበ ጓንት ብዙውን ጊዜ ይበቃዋል፣ ገንዘቡንም ጭንብልና ጉሮሮ ላይ ቢያውለው ይሻላል፤ የራፒየር ትልቁ አደጋ መወጋት ነውና። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ሰው፣ ለረጅሙ ሰይፍ የተሠራውን ውድ ጓንት ገዝቶ ሲያበቃ ወደ ራፒየር ወይም ወደ ጎራዴ ቢያዞር፣ ጓንቱ እጀታውን በከበበው ብረት ውስጥ ስለማይገባለት ሌላ ይገዛል።