የጋቢናው ወለል እና የናሙናው ሽታ

ዛሬ የዋጋ ሰንጠረዥ የለም። ኒውዮርክን በየደቂቃው የምትከታተሉ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ የምጽፈው ስለ አንድ የቆየ ላንድክሩዘር ወለል ነው። ከገበያ የራቀ ወሬ ይመስላል፤ ነገር ግን ቡና በፒካፕ የምትሰበስቡና ናሙና በጋቢና ይዛችሁ የምትመላለሱ ሁሉ ጉዳዩ ይመለከታችኋል።

መኪናዋ ባለ 75 ፒካፕ ናት። ሞተሯ ዋን ኤች ዜድ የሚባለው፣ 4.2 ሊትር ናፍጣ። በጅማ፣ በአጋሮና በጌራ መስመር የሚሠራ ሰው ይህን ሞተር ያውቀዋል፤ ዘይቱን በጊዜው ከቀየሩለት ሰው ሳይሰለች እሱ አይሰለችም። ቀድሞ የሚያልቀው ቆርቆሮው ነው። በተለይ የጋቢናው ወለል፤ ምክንያቱም የሚበላው ከሥር ሳይሆን ከላይ ነው። ክረምት ላይ በጫማ የገባው ጭቃ ከጎማው ምንጣፍ ሥር ይገባል። እዚያ ያለው ድምፅ ማፈኛ ስሜቱ ደግሞ ውሃውን እንደ ስፖንጅ ይዞ ለወራት ይቀመጣል። ማዳበሪያ ተጭኖባት ከሆነ ይብሳል፤ የማዳበሪያ ብናኝ እርጥበት ይስባል፣ ብረትም ይበላል። የአፍዴራን ጨው የሚያመላልሱ ሰዎች ስለዚህ ጉዳይ መጽሐፍ መጻፍ ይችላሉ።

እኔን ምንጣፉን እንድገልጥ ያደረገኝ አንድ ናሙና ነው። ባለፈው ወቅት ከአንድ ሎት ለሁለት ገዢዎች ናሙና ላክን። አንዱ በአውቶቡስ ሄደ፣ ሌላው በእኔ መኪና፣ ከወንበሩ ኋላ ተቀምጦ። የመጀመሪያው ቀማሽ «ንጹህ ነው» አለ። ሁለተኛው «ጭስ ጭስ ይላል» ብሎ መለሰው። ቡናው አንድ፣ ጆንያው አንድ፣ መጋዘኑ አንድ። የተለያየው መንገዱ ብቻ።

ጥሬ ቡና ሽታ ይስባል ብዬ ለእናንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። ሒሳቡን ግን አብረን እንይ። ናሙናዋ 350 ግራም ብትሆን ነው። የምትናገረው ስለ አንድ ኮንቴይነር ነው፤ 320 ጆንያ ባለ 60 ኪሎ፣ 19.2 ቶን፣ ወደ 42,300 ፓውንድ ገደማ። ገዢው ጠርጥሮ በፓውንድ 5 ሳንቲም ብቻ ቢቀንስ ከ2,100 ዶላር በላይ ሄደ ማለት ነው። በየካቲት 2017 መጀመሪያ አረቢካ ኒውዮርክ ላይ 4 ዶላርን ሲያልፍ እንኳን 5 ሳንቲም፣ ሙሉ ሎት የሚያስመልስ ገዢ አይጠፋም ነበር፤ ውድ ዕቃ የሚገዛ ሰው ሰበብ ይፈልጋል።

ምንጣፉ ሲነሳ ከሹፌሩ እግር ሥር መሬቱ ይታያል። ከማርሚታው የሚወጣው ጭስ በዚያ ቀዳዳ በቀጥታ ወደ ጋቢናው ይገባል። የቡናው ሽታ እንዲያውም ትንሹ ጉዳይ ነው። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ራሱ ሽታ የለውም። ናፍጣ ሞተር ከቤንዚን ያነሰ ያወጣል እንጂ የለውም ማለት አይደለም። ናሙና የሚያወጣው ልጅ መስኮት ዘግተን በዝናብ በሄድን ቁጥር ራሱን ያመው ነበር።

ሽጣትና ሌላ ግዛ ያላችሁኝ አላችሁ። በምን ሒሳብ? በጥር 2016 ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ከተነገረ በኋላ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ላይ ደግሞ የብሩ ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ፣ በእጅ ያለ ደህና ናፍጣ መኪና ንብረት ሳይሆን መጠባበቂያ ሆኗል። ጌራ ድረስ በጭቃ የሚወጣ ኤሌክትሪክ ፒካፕ እስካይ ድረስ ያችው ትሠራለች።

መጀመሪያ ያሳየሁት ባቲላሜራ ሐሳቡ ቀላል ነበር። በዝገቱ ላይ አዲስ ላሜራ ይለጥፋል፣ ስቱኮ ይሞላል፣ ከሥር ሬንጅ ይቀባል፣ በቃ። ይህ አሠራር አይጥመኝም። በሁለቱ ላሜራዎች መሃል የገባ ውሃ መውጫ የለውም፤ ሬንጁም እየተሰነጠቀ ውሃ ያቁራል። ከላይ ሲያዩት አዲስ፣ ከውስጥ እንደ ዱቄት። ለመጋዘን በር ብዬ የገዛሁት ትንሽ የኢንቨርተር ብየዳ ማሽን ስለነበረኝ፣ አራት ወር አንግል ብረት እየበየድኩ ስለቆየሁ፣ ነሐሴ ላይ ደግሞ ቡና ስለሌለ ሥራውን በራሴ ለመያዝ ወሰንኩ። ጎረቤቴ የሆኑ አንድ አንጋፋ በያጅ አሉ፤ ጋሼ ነው የምላቸው። እሳቸው እንዲያዩልኝ ለመንኩ።

«ልጄ፣ ላሜራ እንደ አንግል አይደለም» አሉኝ። «ረጅም መስመር ልሳል ካልክ ወንፊት ታደርገዋለህ። ነጥብ ምታ፣ ተወው፣ ይቀዝቅዝ፣ ራቅ ብለህ ሌላ ምታ።»

የላሜራውን ዋጋ በብር አልጽፍም፤ ጠዋት የጻፍኩት ማታ ያረጃል። በኪሎ ግን ልንገራችሁ፣ ይሄኛው አያረጅም። ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ላሜራ ውፍረቱ 1 ሚሊ ከሆነ 15.7 ኪሎ ይመዝናል። 1.2 ሚሊ ከሆነ 18.8፣ ማለትም ከአንድ ፈረሱላ ትንሽ ከፍ ይላል። 0.8 ከሆነ 12.6 ብቻ። «1 ሚሊ ነው» ተብሎ 0.8 የሚሸጥበት ሱቅ አለ፤ ልዩነቱን ዓይን አይለየውም፣ ሚዛን ግን አይዋሽም። ቡና በፈረሱላ የምንገዛ ሰዎች ላሜራ በቃል መግዛት የለብንም። እኔ 1.2 ነው የወሰድኩት። ለጀማሪ በያጅ ከ1 ሚሊ ይልቅ ይህ እሳት ይችላል፤ 1.5 ደግሞ ለማጠፍ ያስቸግራል። የጣሪያ ቆርቆሮ በፍጹም አትጠቀሙ። ዚንክ የተቀባ ነው፤ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ማታ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያስይዛል።

ማሽኑን በተመለከተ፣ ለስስ ላሜራ የሚሻለው ሽቦ እየለቀቀ በጋዝ የሚበይደው ሚግ ነው፤ በ0.8 ሽቦ። ያለው ሰው እሱን ይጠቀም። በኤሌክትሮድ የሚሠራ ግን ሱቅ ሁሉ የሚሸጠውን ባለ 2.5 ይተወው፤ እሱ ከ60 እስከ 90 አምፒር ይፈልጋል፣ ለዚህ ላሜራ ብዙ ነው። ባለ 2 ሚሊ 6013 ፈልጌ በ45 አምፒር አካባቢ ነው የሠራሁት። መጀመሪያ ሁለት ቀን በቁራጭ ላይ ብቻ ተለማመድኩ። ጋሼ የሚፈትኑት በመዶሻ ነው። የተበየደውን ቁራጭ ሞርሳ ላይ አስረው ይመቱታል። ላሜራው ከብየዳው ጎን ከተቀደደ ብየዳው ይዟል፤ ብየዳው ራሱ እንደ ልጣጭ ከተነሳ አልያዘም። በሁለተኛው ቀን ማታ አሥር መትተው አሥሩም ላሜራው ተቀደደ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ መኪናዋ የሄድነው።

ከእሳቱ በፊት ያለው ሥራ ከብየዳው ይበልጣል። ወንበር፣ ምንጣፍና ስሜት ሁሉም ወጣ። ባትሪው ከሁለቱም ገመድ ተፈታ፤ ካልተፈታ አልተርኔተሩን ማቃጠል ይቻላል። ከወለሉ ሥር የሚያልፉትን የፍሬንና የነዳጅ ቱቦዎች ተኝቼ አየሁና የሚፈታውን ፈትተን አራቅን፣ የማይፈታውን በእርጥብ ጆንያ ሸፈንን። ልጁ እሳት ማጥፊያ ይዞ ከሥር ያለውን ብቻ እንዲጠብቅ አደረግኩ። በያጁ ማስክ ውስጥ ስለሆነ ከወለሉ ማዶ የሚያጨሰውን አያይም። ሥራው ካለቀ በኋላም ግማሽ ሰዓት ማንም ከቦታው አልተነሳም። ነሐሴ ስለሆነ መሬቱ እርጥብ ነው፤ በደረቅ ሳንቃ ላይ ካልቆማችሁ ኤሌክትሪኩ እናንተን ይመርጣል።

ቀጥሎ መቁረጥ ነው። ቀዳዳው መዳፍ ያህል ነበር። በካቻቢቴ እየወጋሁ ብረቱ የማይበሳበትን፣ በመዶሻ ሲመታ የሚጮኸውን ቦታ ፈለግኩ። የዛገ ብረት ድምፁ እንደ ካርቶን ነው። ደህናው ብረት ጋ ስንደርስ የሚቆረጠው ክንድ በክንድ ሆነ። ልብ ያሳዝናል፤ ግን በሳሳ ጠርዝ ላይ ብየዳ አይይዝም፣ ቢይዝም ከጎኑ ይቀደዳል። በግራይንደር ቆርጠን ጠርዙን ብርማ እስኪሆን ጠረግነው።

ቅርጹን በካርቶን አወጣሁ፤ ካርቶኑን ቦታው ላይ አስተካክሎ ቆርጦ ከዚያ በላሜራው ላይ መሳል ነው። የፋብሪካው ወለል ላይ ያሉት ጎርበጥ ያሉ መስመሮች ለጌጥ አይደሉም። ጠፍጣፋ ላሜራ ብትገጥሙ ጋቢናው እንደ ከበሮ ይጮኻል። በሁለት አንግል መሃል አስሬ በመዶሻ ሁለት እጥፋት አወጣሁለት፤ ውበት የለውም፣ ይሠራል። አዲሱ በአሮጌው ላይ 2 ሳንቲሜትር ያህል እንዲደርብ ተውኩ። ጠርዝ ለጠርዝ መበየድ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ለጀማሪ መደረብ ይሻላል። በሚደረበው ጠርዝ ላይ በትራፓኖ 8 ሚሊ ቀዳዳዎች በየሦስት ሳንቲሜትሩ በሳሁና እነሱን በብየዳ ሞላሁ። በሚደረቡት ፊቶች ላይ አስቀድሜ አንቲረስት ቀባሁ፤ ነጥብ የሚመታበትን ብቻ ጠርጌ።

ቀዳዳ በሚፈራበት ቦታ ላይ የጋሼ ዘዴ ጠቀመኝ። የመዳብ ቱቦ ቀጥቅጦ ጠፍጣፋ አድርጎ ከሥር መደገፍ ነው። መዳብ ሙቀቱን ይወስዳል፣ ብየዳው ግን አይጣበቅበትም። አንድ ነጥብ ግራ፣ አንድ ቀኝ፣ አንድ ፊት፣ አንድ ኋላ። በመሃል ሻይ። መብራትም ሁለት ጊዜ ስለሄደ ማቀዝቀዙን መብራት ኃይል አግዞናል። የግራው በኩል ሦስት ቀን ወሰደ።

እኔ ያልነካሁት ቦታም አለ። ጋቢናው ከሻንሲው ጋር የሚታሰርባቸው ቦታዎች፣ የወንበሩ ቡሎኖችና የመቀመጫ ቀበቶው ማሰሪያ። እነሱን ጋሼ በየዱ፣ ሒሳባቸውንም ተቀበሉ። ወለል ቢላቀቅ ጫጫታ ነው፤ የቀበቶ ማሰሪያ ቢላቀቅ ሰው ነው። ማንም ጀማሪ እዚያ ላይ እንዲለማመድ አልመክርም።

በመጨረሻ የመገጣጠሚያውን ጠርዝ ከላይም ከታችም በመኪና ማሸጊያ ዘጋን። የመስኮት ሲሊኮን አይሆንም፤ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት ራሱ ብረት ያዝጋል። ከዚያ ሁለት እጅ ቀለም። ቀለሙ ደርቆ ሽታው እስኪለቅ አሥር ቀን ናሙና አላስገባሁም። ስሜቱን አልመለስኩትም፤ ድምፁ ይቅርብኝ። ምንጣፉ የሚነሳ ስለሆነ ቅዳሜ ቅዳሜ ተነስቶ ይደርቃል።

የዩኒየን መኪና የምታስተዳድሩ፣ ወለል ከማስበየዳችሁ በፊት ውሃው ከየት እንደሚገባ እዩ። ሰው ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ ሌላው በፊት መስታወቱ ጎማ ላይ ውሃ ያፍስስ። በእኔ መኪና የገባው ከመስታወቱ ጥግ ነበር፤ ጎማው ደርቆ ተሰንጥቋል። የጎማው ዋጋ ከላሜራው ያነሰ ነው። ለዚህ የሚመቸው ወር ነሐሴ ነው፤ ጥቅምት ላይ እሸት ቡና መውረድ ሲጀምር ማንም መኪናውን ለሦስት ቀን አያቆምም።

የቀኙን በኩል ከመስቀል በፊት እቆርጠዋለሁ። ከላሜራው ግማሹ ተርፏል፣ 9 ኪሎ ገደማ።