ቢን ካርድ፦ ከመደርደሪያው የማይለየው መዝገብ

የጤና ጣቢያ ወይም የሆስፒታል መድኃኒት መጋዘን ውስጥ የገባ ሰው በየመደርደሪያው ከካርቶኖቹ ጎን አንድ ጠንከር ያለ ካርድ ያያል። ጠርዙ በእጅ ብዛት ለፍቷል፤ የበርካታ ሰዎች የእጅ ጽሑፍ ሰፍሮበታል። ቢን ካርድ ይሉታል። እያንዳንዱ መድኃኒት የራሱ ካርድ አለው፤ የ250 እና የ500 ሚሊ ግራም አሞክሲሲሊን እንኳ በአንድ ካርድ አይመዘገቡም። ካርዱም ከመድኃኒቱ አጠገብ አይነሣም።

ዓምዶቹ ብዙ አይደሉም፦ ቀን፣ የሰነድ ቁጥር፣ ከማን እንደመጣ ወይም ለማን እንደወጣ፣ ገቢ፣ ወጪ፣ ጉድለት ወይም ማስተካከያ፣ ከወጪ ቀሪ፣ የባች ቁጥርና የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜ። 48 ፓኬት ከነበረው ላይ ለተመላላሽ ሕክምና ማደያ 6 ወጣ እንበል። ሠራተኛው የወጪ ሰነዱን (የሞዴል 22ቱን) ቁጥር ይጽፋል፣ ወጪ በሚለው 6፣ ከወጪ ቀሪ በሚለው 42 ያሰፍራል። ዕቃ ሲገባ ደግሞ ቁጥሩ የሚወሰደው ከገቢ ሰነዱ (ከሞዴል 19) ነው። ይህ ሁሉ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ችግር የሚመጣው «ማታ አንድ ላይ እሞላዋለሁ» ሲባል ነው፤ ማታ ላይ ስድስቱ ይሁን ስምንቱ ማን ያስታውሳል?

ከቢን ካርዱ ሌላ ቢሮ ውስጥ የሚቀመጥ የስቶክ ካርድ አለ። ሁለቱ ስለ አንድ ዕቃ በሁለት ቦታ የሚጻፉ ናቸው፤ የተለያየ ቁጥር ካሳዩ አንድ ነገር እንደተዛባ ወዲያው ይታወቃል። አንድ ሰው አንዱን ከሌላው የሚገለብጥ ከሆነ ግን ቁጥጥሩ ለስሙ ብቻ ይቀራል።

ካርዱ እውነቱን እንዲናገር መጀመሪያ መጋዘኑ መልክ መያዝ አለበት። በመጋዘን ጉድለት ሲገኝ ዓይን ሁሉ ወደ ጠባቂው ይዞራል። በእኔ ግምት ግን ከሌባ በፊት መፈለግ ያለበት ሁለተኛው ክምር ነው። ቦታ ጠብቦ አሥር ካርቶን ከበሩ ኋላ ከተደረደረ፣ ካርዱ ያለው መደርደሪያው ላይ ነውና ቆጣሪው እነዚያን አሥሩን አያገኛቸውም። ስለዚህ አንድ መድኃኒት በአንድ ቦታ ይቀመጣል፤ ቦታ አልበቃ ካለም ሌላኛው የት እንዳለ ካርዱ ላይ ይጻፋል። ካርቶን ከወለል ቢያንስ 10፣ ከግድግዳና ከሌላ ክምር 30 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፣ ከ2.5 ሜትር በላይ አይከመር የሚለው መመሪያ ዋና ዓላማው እርጥበትንና መጨፍለቅን መከላከል ነው። ለቆጣሪውም በዙሪያው መተላለፊያ ያስገኝለታል።

በመድኃኒት መጋዘን መጀመሪያ የሚወጣው መጀመሪያ የገባው ሳይሆን ጊዜው ቀድሞ የሚያበቃው ነው። እሱ ከፊት፣ ሌላው ከኋላ ይደረደራል። እዚህ ላይ የእኛው አገር ጣጣ ይመጣል። ካርቶኑ ላይ የታተመው 08/2026 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆን፣ ወሩ የሚያልቀው በእኛ ነሐሴ 25 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ካርዱ ላይ ግን የዕለቱ ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጻፋል። ሁለቱ በአንድ መስመር ጎን ለጎን ሲሰፍሩ፣ 08 ሲያይ ሚያዝያን የሚያስብ አዲስ ሠራተኛ አይጠፋም። የማብቂያው ጊዜ እንደታተመው ተገልብጦ «እ.ኤ.አ.» ቢጨመርበት ይሻላል።

መለኪያውም ያምታታል። በአንድ ፓኬት 100 ፍሬ ካለ አንዱ «5»፣ ሌላው «500» ብሎ ሊጽፍ ይችላል፤ ሁለቱም አልዋሹም። መለኪያው በካርዱ ራስጌ አንድ ጊዜ ከተወሰነ በኋላ መለወጥ የለበትም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች በየሁለት ወሩ ቆጥረው ሪፖርትና ጥያቄ ይልካሉ፤ የክምችታቸው ጣሪያ የአራት ወር ፍጆታ ነው። በሁለት ወር 300 ፓኬት የተጠቀመ ጤና ጣቢያ ጣሪያው 600 ይሆናል። መደርደሪያው ላይ 200 እያለ ካርዱ 350 ካለ፣ 400 መጠየቅ ሲገባው 250 ይጠይቃል። የጎደለው 150 የአንድ ወር መድኃኒት ነው። ኮምፒውተርም ይህን አያድንም፤ የሚነገረውን ቁጥር ይደምራል እንጂ ካርቶን አይቆጥርም።

ቆጠራ በሚደረግበት ቀን ገቢና ወጪ ይቆማል። ልዩነት ከተገኘ በማስተካከያው ዓምድ ከነምክንያቱ ይጻፋል፤ ስርዝ ድልዝ ግን ኦዲተርን ይጠራል። ለዓመታት አንድም ጉድለት ወይም ብልጫ ያልተመዘገበበት ካርድ ካጋጠማችሁ ደግሞ፣ ሠራተኛውን ከማመስገናችሁ በፊት ካርቶኖቹን ራሳችሁ ቁጠሩ።