ሹመትና የሹመት ዘመን

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ያልሰማ አንባቢ አይኖርም። ተረቱን የምንጠቅሰው አብዛኛውን ጊዜ የሹሙን ሆዳምነት ለመንቀፍ ነው። ነገር ግን በደንብ ከተመለከትነው ስለ ሰውየው ጠባይ ብቻ ሳይሆን ስለ ሥርዓቱም ይናገራል።

በቀድሞው ዘመን አገረ ገዥ በአብዛኛው የወር ደመወዝ አልነበረውም። ከሚገዛው ሕዝብ ግብርና ጉልበት ይቀበላል፤ ከፊሉን ወደ ቤተ መንግሥት ይልካል፤ በቀረው ራሱንና ወታደሩን ያኖራል። ግዛቱ መቼ እንደሚወሰድበት ግን አያውቅም። ነገ የሌላ ሰው በሚሆን አገር ላይ ድልድይ ለመሥራት የሚጣደፍ ማን ነው?

በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ደንብ ድንጋጌ ይህንን ልማድ ለመለወጥ የታሰበ ነበር። አገሪቱ በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃና በወረዳ ተከፋፈለች። ጠቅላይ ገዥው በአገር ግዛት ሚኒስቴር ሥር ሆኖ ደመወዝተኛ ሆነ፤ ግብሩም ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት እንዲገባ ተደረገ። ስለዚህ «ሲሾም መብላት» በሕግ ተከለከለ ማለት ነው። ሆኖም ሹም ሽሩ በንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ እንደ ሆነ ቆየ። አንዱ ብዙ ዓመት ሲቆይ ሌላው በአጭር ጊዜ ይነሣ ነበር። የሆዱ ነገር ደንብ ሲወጣለት የዘመኑ ነገር እንዳለ ቀረ።

በአሜሪካ ከ50ዎቹ ግዛቶች በ48ቱ የገዥው ዘመን 4 ዓመት፣ በኒው ሃምፕሻየርና በቨርሞንት 2 ዓመት ነው። የቨርጂኒያ ገዥ ደግሞ 4 ዓመቱን እንደ ጨረሰ ወዲያው ተከታትሎ ሊመረጥ አይችልም። ይህም ያለ እንከን አይደለም፤ መልካም ገዥ የጀመረውን ሳይፈጽም ይወርዳል፤ ሕዝቡም ዳግመኛ በመምረጥ ሊያመሰግነው አይችልም። ይሁን እንጂ ገዥውም ሕዝቡም የመውረጃውን ቀን አስቀድመው ያውቁታል። ቀኑን የሚያውቅ ሰው ሥራውን በልክ ይጀምራል፤ መዝገቡንም ለተተኪው አዘጋጅቶ ያቆያል።

ጠቅላይ ገዥ የሚባለው ሹመት ዛሬ የለም። ጥያቄው ግን በየወንበሩ አለ። ስለዚህ ወጣቱ ሹም ሆይ፣ ደብዳቤህ ላይ የመውረጃህ ቀን ባይጻፍም እንደ ተጻፈ ቍጠረው። ነገ ጧት ሌላ ሰው ቢተካህ የጀመርከውን ሥራ ከመዝገብህ አንብቦ ሊቀጥለው ይችላልን? የሚችል ከሆነ ስትሻር የሚቆጭህ ነገር አይኖርም።