ወተት ሆድ የሚነፋው ለምንድን ነው?



ልጆቻችሁ በአዘቦቱ ትምህርት ቤታቸው ስለ «ኤንዛይም» መማራቸው አይቀርም። ቃሉን ስንሰማው የላብራቶሪ ነገር ይመስለናል። ግን ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን «በእርሾ ውስጥ» እንደ ማለት ነው። ቡሃቃችሁ ውስጥ ያለው ነገር ነው እንግዲህ! ስለዚህ ይህን ትምህርት በአማርኛ ለማስረዳት ከማንም በላይ እናንተ ትቀርባላችሁ።

ኤንዛይም ሕያው ነገር ሁሉ፣ ሰውም ጤፍም ባክቴሪያም፣ በውስጡ የሚሠራው ነው፤ አብዛኛው ፕሮቲን ነው። ብቻውን ቢተው ብዙ ጊዜ የሚፈጅን ለውጥ ያፋጥናል፣ እሱ ግን አያልቅም፤ አንዱን ጨርሶ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ሥራም አይቀላቅልም። ጀርመናዊው ኬሚስት ኤሚል ፊሸር በ1894 (በፈረንጆቹ) ከቁልፍና ከጓጉንቸር ጋር ያመሳሰለው ለዚህ ነው፤ የአንዱ ቁልፍ የሌላውን አይከፍትም።

ብቅልን አስቡት። ገብስ ውኃ ጠጥቶ ሲያጎነቁል አሚሌዝ የሚባል ኤንዛይም ያወጣል፤ እሱም የእህሉን ስታርች ቆራርጦ ስኳር ያደርገዋል። ጠላ ያለ ብቅል የማይሆነውም ስኳሩን ወደ አልኮል የሚለውጠው እርሾ ስታርቹን እንዳለ መብላት ስለማይችል ነው። ሁለት ፈረንሳውያን ይህን ኤንዛይም ከብቅል ለይተው ያወጡት በ1833 ነው። እናቶቻችን ግን ስሙን ሳይጠሩት ሲሠሩበት ኖረዋል።

ያው አሚሌዝ በምራቃችንም አለ። ዛሬ ማታ ለልጃችሁ ስኳር የሌለው የዳቦ ቁራሽ ስጡትና ሳይውጥ አንድ ሁለት ደቂቃ ያላምጥ። ከዚያ «ምን ምን ይላል?» በሉት። ጣፈጥ እያለ ይሄዳል።

ኮሎምበስ ጥር ላይ ሊጥ አልቦካ ብሎ የሚያስቸግረንም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሲበርድ የኤንዛይም ሥራ ይዘገያል። ምጣድ ላይ ሲደርስ ደግሞ ያበቃለታል፤ የተቀቀለ እንቁላል ተመልሶ ጥሬ እንደማይሆነው።

አሁን ወደ ወተቱ እንምጣ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈንም እሱ ነው። የወተት ስኳር ላክቶስ ይባላል፣ ቁልፉም ላክቴዝ ነው። ሕፃን ሲወለድ ላክቴዝ አለው። በብዙ ሰዎች ላይ ግን ጡት ከተዉ በኋላ ባሉት ዓመታት እየቀነሰ ይሄዳል። እንደ አፋር ባሉ አርብቶ አደሮች ዘንድ ብዙዎቹ አዋቂ ሆነውም አይቀንስባቸውም፤ ከሌላው ኢትዮጵያዊ ብዙው ግን ይቀንስበታል። ያልተፈጨው ላክቶስ ትልቁ አንጀት ሲደርስ እዚያ ያሉ ባክቴሪያዎች ያቦኩታል፤ ጋዝ ይፈጠራል፣ ሆድ ይነፋል፣ ያስቀምጣል።

እዚህ አገር ደግሞ ወተት የትምህርት ቤት ምሳ አካል ነው። ልጁ ከምሳ በኋላ «ሆዴን አመመኝ» ሲል «ትምህርት ጠልቶ ነው» ለማለት አትቸኩሉ። መቼ እንደሚያመው፣ ምን ጠጥቶ እንደነበር ጠይቁት። እኛም ክፍል ውስጥ «ነፋኝ»፣ «ቆረጠኝ»፣ «አቅለሸለሸኝ»፣ «አስቀመጠኝ» የሚሉትን ለይተው እንዲናገሩ እናለማምዳለን፤ ብዙዎቹ የሚያውቁት «አመመኝ»ን ብቻ ነውና። ከወተት ጋር የተያያዘ ከመሰላችሁ ለሐኪሙ ንገሩ። የሆድ ሕመም ሌላም ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ ወተትንም ያለ ምክር ከልጅ ማዕድ ጨርሶ ማውጣት ጥሩ አይደለም፣ ካልሲየም ያስፈልገዋል።

ወተት የማይስማማው ልጅ እርጎ ሊስማማው ይችላል። የእርጎው ባክቴሪያዎች ከላክቶሱ የተወሰነውን ቀድመው በልተውታል። አይብም እንዲሁ፤ ብዙው ላክቶስ ከአጓቱ ጋር ይወጣል። ሱቅ የሚሸጠው ላክቶስ የሌለው ወተት ደግሞ ፋብሪካው ራሱ ላክቴዝ የጨመረበት ነው። ልጃችሁ ቀምሶ «ይሄ ስኳር አለው እንዴ?» ቢላችሁ አልተሳሳተም፤ ላክቶስ ሲቆረጥ የሚወጡት ሁለቱ ስኳሮች ከራሱ ከላክቶስ ይበልጥ ይጣፍጣሉ።